የቀኙ ወንበር

ሰኞ፣ የካቲት 10

ይህን ደብተር የገዛሁት መድኃኒት ስለተማረረች ነው። ባለቤቴ ናት። «በእንቅልፍህ ከሰው ጋር ስትጨቃጨቅ ታድራለህ፤ ቀን ጨርሰህ ግባ» አለችኝ። ቀን የምጨቃጨቀው ሰው የለኝም። ጽፌው ከወጣልኝ ብዬ ነው።

ዛሬ ከወረዳ ሰዎች መጡ። ካዛንቺስ ያለው ጌም ቤታችን ከነረድፉ ለልማት ይነሳል። እስከ መጋቢት መጨረሻ ዕቃ አውጡ ተብለናል። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። አንደኛው እንዲያውም «ልጅ ሆኜ እዚህ ተጫውቻለሁ» ብሎ የፎርሙላ መኪና ጌሙ ወንበር ላይ ተቀመጠና መሪውን ዞር ዞር አድርጎ ተነሳ።

ሸሪኬ ጀሚል አልነበረም። ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ አይገኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ጎተራ ሰፈር ለጌም ቤት የሚሆን ቤት አገኘሁ። ኮንዶሚኒየም ሥር፣ መንገድ ዳር፣ ሰፊ። አከራዩ የሁለታችንንም ፊርማ ይፈልጋል። ለጀሚል ነገርኩት፤ «እንይ» አለኝ። እንይ የሚባለው ለማያውቁት ሰው ነው። እኔና እሱ ቂርቆስ ጀርባ በአንድ ጆተኒ ጀምረን፣ ኳሷ ስትሰበር በሎሚ እያጫወትን እዚህ የደረስን ሸሪኮች ነን።

ደክሞኛል። በቃ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

አፍራህ መጣች፤ የጀሚል ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማራለች። አንድ ሐሳብ አላት፦ ጎተራ ስንገባ ከየማሽኑ በላይ ካርድ ይሰቀል፣ ካርዱ ላይ ታሪኩ ይጻፍ።

«ጋሽ ሃብቴ፣ ማለቴ ልጆቹ እኮ ጌም ከስልክ የጀመረ ነው የሚመስላቸው። እናንተ ጋ ከአሮጌው እስከ ኦንላይኑ የፎርሙላ ዘር በሙሉ አለ። በቃ፣ እርስዎ ይጻፉት፣ እኔ ዲዛይን አደርገዋለሁ።»

«አባትሽ ይጻፈው። ጸሐፊው እሱ ነው።»

«አባቢ አልጽፍም አለኝ። ይደክመኛል አለ።»

እኔስ አይደክመኝም? ግን እሺ አልኳት። አባቷ እሺ ያላለውን እኔ እሺ ማለቴ ሳያስደስተኝ አልቀረም።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጾም ገባ። አፌ ደርቋል፣ ሥራውም ቀዝቅዟል፤ ስለዚህ ስጽፍ ዋልኩ።

የመጀመሪያው ካርድ እንዲህ ይላል። ድሮ ድሮ የመኪና ጌም ከላይ ወደ ታች ነበር የሚታየው። የውድድር ሜዳው በሙሉ አንድ ስክሪን ላይ ተዘርግቶ ይታያል፣ መኪናዋ ጥፍር ታክላለች። ይህን እኛ አልደረስንበትም፤ በወሬ ነው የማውቀው። ቀጥሎ ዓይናችንን ከመኪናዋ ጀርባ አስቀመጡት፣ መንገዱም ፊት ለፊት መምጣት ጀመረ። ጥግ ላይ ያለው ቢጫ ማሽን የዚያ ዘመን ነው። በዱባይና በጅቡቲ አድርጎ የመጣ አሮጌ ነው፤ ማርሹ ሁለት ብቻ ነው፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ። ከውድድሩ በፊት ለብቻ የሚነዳ የማጣሪያ ዙር ነበረው። በሰዓቱ ካልገባህ ውድድር የለም፤ ሳንቲምህን በልቶ ያሰናብትሃል። በዚያ ምክንያት ያለቀሰ ጎረምሳ አይቻለሁ፤ ዛሬ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው።

ፎርሙላ ከሌላው የመኪና ጌም የሚለየው ጎማው ነው። ጎማው ራቁቱን ውጭ ነው። በሌላው እየተጋፋህ፣ እየገጨህ ታልፋለህ። በዚህ ግን ጎማ ለጎማ ከተነካካችሁ ሁለታችሁም አለቀላችሁ። ስለዚህ ከአጠገብህ ያለው የት እንዳለ ሳታይ ማወቅ አለብህ።

ለአፍራህ በስልክ አነበብኩላት። «ጋሽ ሃብቴ፣ ይሄ ካርድ ነው ስብከት?» አለችኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ጀሚል መጣና አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሁለት ወንበር ያለው ማሽን አለን፤ ጎን ለጎን የተሠራ፣ በኬብል የተያያዘ፣ ሁለት ሰው የሚወዳደርበት። ከገዛነው ጀምሮ ግራው የእሱ፣ ቀኙ የእኔ ነው። ከቀኙ ወንበር ወዲያ ግድግዳ ነው፣ እኔ ደግሞ ሰው ሲገፋኝ አልወድም። ዛሬ «ቀኙን ስጠኝ» አለኝ። ለምን ስለው «እንዲሁ» አለ። ሰጠሁት። አሸነፍኩት። ጀሚልን አሸንፌው አላውቅም፤ ማለቴ ታሞ ካልሆነ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ዛሬም አሸነፍኩት። ጌሙ ውስጥ ከድልድዩ በኋላ ያለው የቀኝ ኩርባ ላይ ግንቡን ገጨ። ትናንትም እዚያው ነው የገጨው። በጨለማ ይነዳው የነበረ ኩርባ ነው እኮ።

ተሸናፊ ይከፍላል በሚለው በቤታችን ሕግ ሻይ አመጣልኝ። ብርጭቆውን አጠገቡ አስቀምጦ በክርኑ ደፋው። «ማን አስቀመጠው እዚህ?» አለ። ራሱ ነው ያስቀመጠው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ረመዳን ገባ። ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ እኔና ጀሚል አንድ ልማድ አለን። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት እችላለሁ፣ ግን አልበላም፤ መግሪብ ድረስ እጠብቀዋለሁ። ሚስቱ ነፊሳ ደግሞ ለእኔ ብላ ሾርባውን ያለ ሥጋ፣ ሳምቡሳውን በምስር ትሠራለች። አዛን ሲል ባንኮኒው ላይ ተምር ቆርሰን አብረን እንፈታለን። የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፤ «የሃብቴና የጀሚል ማዕድ» ይሉታል።

ዛሬ ዕቃው ከነፊሳ መጣ፣ ሞቅ ብሎ። ጀሚል ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጃኬቱን ለበሰ።

«ወዴት?»

«ቤት ልድረስ።»

«ልንፈታ አይደል እንዴ?»

«አንተ ብላ ሃብቴ። ነገ።»

ሳምቡሳውን ብቻዬን በላሁ። መድኃኒት እራት ስታቀርብልኝ ጠግቤያለሁ አልኳት፤ አልጠገብኩም ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 24

«ነገ» ያለው ትናንት ነበር። ትናንትም ሄደ። ዛሬም ሄደ። ሊመሽ ሲል፣ ገና ብርሃን እያለ። ሰው ቀጠሮ ካለው እንዲህ ነው የሚጣደፈው።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ጓዳ ሆኜ ኬብል ስጠቀልል ጀሚል በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ለሃብቴ አልነገርኩትም። ጎተራውን ከፈረመ በኋላ እነግረዋለሁ» አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የእሱ አይመስልም።

ገባኝ። አስፈርሞኝ ጥሎኝ ሊወጣ ነው። እዚሁ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ሰው ጌም ቤት ሊከፍት ጀሚልን አማክሮት እንደነበር አውቃለሁ። ሲያልቅ አያምር የሚሉት ይሄ ነው። ለመድኃኒት ነገርኳት።

«ጀሚል?» አለች። «ጀሚል እንዲህ ያደርጋል?»

«በጆሮዬ ሰማሁ እኮ።»

«ጠይቀው ታዲያ።»

አልጠይቀውም። ዝም አይነቅዝም። መናገር ያለበት እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ሁለተኛው ካርድ። ባለ ሁለት ወንበሩ ማሽን የመጣው ሥዕሉ ጥርብ ድንጋይ በመሰለበት ዘመን ነው። መኪናው፣ ተራራው፣ ዛፉ ሁሉ ማዕዘን ነበረው፤ ለእኛ ግን ከእውነት በላይ ነበር። ሞተሩ ከወንበሩ ሥር ይጮሃል፣ ወገብህ ይሰማዋል። ካዛንቺስ ያለ ጎረምሳ ሁሉ ጀሚልን ለማሸነፍ ይሰለፍ ነበር። አንድ ሰው ከሞጆ ድረስ መጥቶ ተሸንፎ ተመልሷል።

እነዚህ ማሽኖች አንድ ተንኮል አላቸው፤ ካርዱ ላይ ልጻፈው አልጻፈው አላውቅም። ከኋላ የቀረውን መኪና በድብቅ የሚያፈጥን ነገር አላቸው። የሠሯቸው ሰዎች ተሸናፊው ቶሎ ተስፋ ቆርጦ እንዳይነሳ ብለው ያስገቡት ነው። ባለቤቱ ከፈለገ ከውስጥ ያጠፋዋል። እኛ ከገዛንበት ቀን ጀምሮ አጥፍተነዋል፤ ጀሚል «የምጽዋት ፍጥነት» ብሎ ይጠላዋል።

ዛሬ እሱ ከሄደ በኋላ ማሽኑን ከፍቼ አየሁ። ማሸነፌ እውነት አልመሰለኝም ነበር። ጠፍቶ ነው ያለው። እንግዲያው ጀሚል እያወቀ ነው የሚሸነፍልኝ። ሊለየኝ ስለሆነ እያባበለኝ ነው። ይህ ደግሞ ከመለየቱ ይብሳል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ተናገርኩት። ልጆች በነበሩበት ተናገርኩት።

እንደገና ያንኑ ኩርባ ገጨ። እኔም መሪውን ለቅቄ ተነሳሁ። «ለማን ነው የምታዝነው?» አልኩት። «መሄድ ከፈለግክ ሂድ። እንደ ሕፃን አታጫውተኝ።»

ጀሚል እጁን ከመሪው አነሳ። ሞተሩ ከሥሩ ይጮሃል። «አላዘንኩልህም ሃብቴ» አለና ተነሳ። በእጁ የበሩን መቃን ነካ ነካ አድርጎ ወጣ።

አፌን ብይዝ ምን ነበረበት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

አልመጣም። ትናንትም አልመጣም። የነፊሳ ሳምቡሳ ግን መጥቷል፤ የምስር። እንዴት ይዋጣል።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ሲመሻሽ ወደ ቂርቆስ ሄድኩ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር። መንገድ ላይ አገኘሁት። ከመስጊድ መመለሱ ነው፤ የቆርቆሮውን አጥር በእጁ እየዳበሰ ቀስ ብሎ ይመጣል። እኔ ከአጥሩ ተቃራኒ በኩል፣ በቀኙ ቆሜያለሁ። ክንዴን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ፊቱን እንኳ ሳይመልስ አለፈኝ።

ጠላት እንኳ ሰላም ይባባላል። ጀርባውን እያየሁ ቆምኩና ተመለስኩ።

መድኃኒት ሰማችኝና «እሱ አላየህ ይሆናል» አለች።

«አጠገቡ ነበርኩ።»

«ሃብቴ፣ ሰውየው መነጽር ማድረግ አለበት እንጂ...»

«ያየኛል» አልኳት። ተቆጣኋት መሰለኝ፤ ሳህኑን አንስታ ሄደች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ሦስተኛውን ካርድ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ጌሙ ከአዳራሽ ወጥቶ ቤት የገባበት ዘመን ነው፤ ፕሌይስቴሽን መጣ፣ የእውነት ሾፌሮች ስም መጣ፣ የእውነት ሜዳ ከነጉብጠቱ መጣ፣ ዝናብ እንኳ መጣ። ድሮ ሜዳውን ማሽኑ ፈጥሮ ይሰጥህ ነበር፤ አሁን ዓለም ላይ ያለ ሜዳ ነው፣ በቃልህ ታጠናዋለህ። ከዚያ መሪና ፔዳል ለብቻው የሚገጠምበት፣ ቂርቆስ ያለ ልጅ ብራዚል ካለ ልጅ ጋር የሚወዳደርበት ዘመን ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ የአንዱ መኪና መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል፤ ሌላው ሾፌር ግን ለምን እንደቆመ አያውቅም።

እዚህ ጋ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ቤቱ ባዶ ነበር። ባለ ሁለት ወንበሩን አበራሁና ግራው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነዳሁ። ምንም አልሆነም፣ ስክሪኑ በአንድ ዓይንም ይታያል። ከዚያ ከካርቶን ቀድጄ የስክሪኑን ቀኝ ጠርዝ ሸፈንኩት። ከድልድዩ በኋላ ግንቡን ገጨሁ። ደገምኩት። ገጨሁ። ካርቶኑን ወደ ውስጥ ሳብ ሳደርገው ሌላ ኩርባም ገጨሁ፤ ጀሚል ባለፈው ሳምንት መግጨት የጀመረውን ኩርባ።

ካርቶኑን ይዤ ተቀመጥኩ። ሻይ። የበሩ መቃን። አጥሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መሄዱ። ቀኙን ወንበር ስጠኝ ያለው ለምን እንደሆነም ገባኝ፤ በማያየው በኩል ግድግዳ ብቻ እንዲሆን ነው።

አለቀስኩ። መድኃኒት ቀድማ አውቃ እንደነበር ሳስበው ደግሞ አፈርኩ። እኔም ሳላውቅ ቀርቼ ነው እንዴ? አላውቅም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ጠዋት ቤቱ ሄድኩ። ነፊሳ በሩን ከፍታ አየችኝና ምንም ሳልላት «እንኳን መጣህ ወንድሜ» አለችኝ፤ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

ጀሚል ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። «በካርቶን ሞከርኩት» አልኩት።

ወዲያው ገባው። «የትኛው ኩርባ ጋ ገጨህ?»

«ከድልድዩ በኋላ።»

«እኔም እዚያ ነው ያወቅኩት» አለ። «ሐኪም ቤት ከመሄዴ በፊት።»

የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ነው የሚጠብቀው፣ እሱም ከጠበቀ። ቀኙ ብሶበታል፣ ግራውም ጀምሮታል። ሲመሽ አጥር ካልያዘ አይሄድም። ከሰዓት በኋላ ይጠፋ የነበረው ሐኪም ቤት ነው። ያን ቀን በስልክ ያወራውም ሐኪሙ ጋ ከምትሠራ የነፊሳ ዘመድ ጋር ነበር።

«ለምን አትነግረኝም?»

«አንተን አላውቅህምና ነው? ብነግርህ ጎተራን ትተወዋለህ። ጀሚል ከሌለ እኔም የለሁም ብለህ ጥበቃ ትቀጠራለህ። ዓይን የሌለው ሰው ጌም ቤት ምን ይሠራል? አንተ ግን መክፈት አለብህ። ፈርም፣ ከዚያ እነግርሃለሁ ብዬ ነው።»

«ልጆች ፊት ያልኩህን...»

«ተወው» አለ። «የከፋኝ እሱ አይደለም። እያወቀ ይሸነፋል ብለህ ማሰብህ ነው የከፋኝ።»

እሑድስ ስለው፣ እሑድ መኖሬን አያውቅም። አጠገቡ ቆሜ እንደነበር አልነገርኩትም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ዕቃ ማሸግ። ወገቤ። ቢጫው ማሽን በበር አልወጣም አለ፤ በሩን ነቀልነው። አፍራህ አባቷን በዓይኗ እየተከተለች ነው። ነግረዋታል። እኔን ስታየኝ ፊቷን ወደ ሳጥኖቹ አዞረች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ጎተራን አልፈረምኩም። አከራዩ ደወለ። ነገ አልኩት።

ጀሚል ትክክል ነው፣ መተው አምሮኛል። እውነቱን ለመናገር ከማዘኔ በፊትም አምሮኝ ነበር። ደክሞኛል። የእሱን ዓይን ለእኔ ድካም ምክንያት ላደርገው ነው እንዴ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ነገ ጠዋት መኪናው ይመጣል፤ ቤት ስላልፈረምኩ ዕቃው ለጊዜው እኔ ግቢ ይራገፋል። ሁሉም ታሽጓል፣ ባለ ሁለት ወንበሩ ብቻ ቀርቷል።

ጀሚል ዛሬ አልሄደም። ፀሐይ ጠለቀች፣ ጃኬቱ ምስማሩ ላይ ነበር። አዛን ሲል ባንኮኒው ስለተነቀለ ካርቶን ላይ ተምሩን አስቀመጥን። ሳምቡሳውን በላን። ሁለታችንም ርቦን ነበር።

«አንድ ጊዜ» አለኝ ጣቱን ጠርጎ። ቀኙን ወንበር ለቀቅኩለት።

ሁለተኛው ዙር ላይ ከፊቱ ነበርኩ። ከድልድዩ በኋላ ያለው ኩርባ ሲመጣ እግሬን ከነዳጁ ፔዳል አነሳሁ። ትንሽ ነው ያነሳሁት። አለፈኝና አሸነፈ። «ጎበዝ» አልኩት።

ጀሚል መሪውን ለቀቀ። ፊቱ ጠቁሯል።

«እግርህን አነሳህ።»

«አላነሳሁም።»

«ሃብቴ፣ ሞተርህ ከሥርህ ዝቅ ሲል ሰምቻለሁ። ያልሠራሁትን አንተ ልጆች ፊት ተናገርከኝ። አሁን ራስህ ሠራኸው።»

ለራሴ ያልወደድኩትን እንዴት ለእሱ አደረግኩት? «ይቅርታ» አልኩ፤ በዚህ ወር ለሁሉም የቀረው ይቅርታ አንድ ላይ ወጣ መሰለኝ።

«እንደገና» አለ።

እንደገና ተወዳደርን። አላነሳሁም። ድልድዩን፣ ኩርባውን፣ ቀጥታውን በሙሉ ኃይል ሄድኩበት። እሱም ተከተለኝ፤ ኩርባዋ ጋ በጆሮው የእኔን ማርሽ ጠብቆ ገባ፣ ጎማው ጎማዬን ሳይነካ አጠገቤ ቆየ። መጨረሻው ላይ አሸነፍኩት። ሳቀ። የድሮ ሳቁን ሳቀ።

«አሁን አሸነፍከኝ» አለ።

«እግሬን ማንሳቴን ከሥር የሰማ ሰው ነው እንግዲህ ጌም ቤት ምን ይሠራል እያለ የሚጠይቀኝ» አልኩት። «የታመመ ማሽን በጆሮው የሚያውቅ ሌላ ሰው ከየት ላምጣ? ብቻዬን አልፈርምም። አንተ ከመጣህ ግን እፈርማለሁ፣ ወገቤ ቢቆረጥም።»

ማሽኑን አጥፍተን፣ በር የሌለውን በር በቆርቆሮ ዘግተን ወጣን። ጨልሟል። ጀሚል ቆመ። እኔ በቀኙ ዞሬ ክንዴን ሰጠሁት፣ እሱም ያዘኝ። መንገዱ ተቆፍሯል፣ ድንጋይ አለ፣ ቀስ ብለን ሄድን።

ቂርቆስ ልንደርስ ስንል «ጎተራ ከባቡሩ ስወርድ ሱቁ በየት በኩል ነው?» አለኝ።

«ደረጃውን ስትጨርስ ወደ ግራ። አጥር አለ፣ አጥሩን ይዘህ ትሄዳለህ። አጥሩ ሲያልቅ ፋርማሲ አለ፣ እዚያ ትሻገራለህ። ከዚያ ወደ ቀኝ። ዳቦ ቤቱን አልፈህ ያለው በር የኛ ነው።»

«ደረጃ አለው?»

«የለውም። መሬት ላይ ነው።»

«ነገ በቀን ብርሃን ወስደህ ታሳየኛለህ፤ አይቼው ልያዘው። ከዚያ እንፈርማለን» አለ። «አሁን ግን ደግመህ ንገረኝ።»

ደግሜ ነገርኩት። በሩ ላይ ስንደርስ ነፊሳ መብራት ይዛ ወጣች። ጀሚል «ቆይ» አላትና መንገዱን ራሱ ከባቡሩ ጀምሮ ነገረኝ። የተሳሳተው ፋርማሲው ጋ ብቻ ነው።